ከፍየሏ አፍ የወጣ ሲባጎ

በየካቲት የወረደው በረዶ የሁዮን ሸለቆን ፖም ሲደበድብ ለማንም አላዳላም። ስለዚህ የፋሲካ ሰሞን ጎረቤቷ ዴዝሞንድ በሩ ላይ «ፖም ራስዎ ይልቀሙ፣ እንስሳት ይዳብሱ» የሚል ሰሌዳ ሲያቆም ኔሪዳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምን ፖም?

የእሷም ማሳ አልተረፈም። መረብ የለበሰች አንዲት ረድፍ ብቻ ብትድንላት፣ ልጇ ጋርት ፍሬውን ጭኖ ሄደና ሆባርት ከተማ ሸጥኩት ብሎ ገንዘቡን አመጣላት። ከዚያ በሯን ዘጋች። አሁን የድሮ ደንበኞቿ መኪና በዝግ በሯ ፊት እያለፈ ወደ ዴዝሞንድ ይነጉዳል። ደንበኛ ደግሞ አንዴ የሰው በር ከለመደ አይመለስም፤ ካልተመለሰ ማሳውን ከመሸጥ ሌላ መላ የላትም። ሰውየው የመጋዘን ፖም እየሸጠ ከሆነ ግን አጋልጣ ሰሌዳውን ታስነቅላለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ትልቅ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጋ ሄደች። ትኬት የሚቆርጠው ራሱ ዴዝሞንድ ነበር። በአጥር ተጣልተው መነጋገር ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል።

«አንድ አዋቂ» አለች።

«ልጅስ? ሰው ልጅ ሳይዝ እዚህ አይመጣም፣ ኔሪዳ።»

መነጽሩ ምንም አልጠቀመም። «ፍየል መዳበስ አማረኝ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ሐኪም አዞልኝ ነው።»

መኖ የሞላበት የወረቀት ኩባያ ሰጣት። በረቱ ውስጥ እናቶቹ ይህችን ብቻዋን የመጣች ባለ ጥቁር መነጽር ሴት አይተው ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። አንገተ ረጅሙ አልፓካ እንኳ በጎን አያት። የቀረበቻት አንዲት ነጭ ፍየል ብቻ ነበረች፤ የወደቀ ፖም እያላመጠች። ከከንፈሯ አረንጓዴ ሲባጎ ተንጠልጥሏል።

ኔሪዳ ሲባጎውን ጎተተች፤ ፍየሏም ጎተተች። በመጨረሻ ፍየሏ ተሸነፈች።

ቀና ብላ ዛፎቹን አየች። ቅጠሉ በበረዶ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ፖሙ ግን አንድ ጭረት የለበትም። በየፍሬው አንገት ላይ አረንጓዴ ሲባጎ ዞሮ ከቅርንጫፉ ጋር አስሮታል። «ያዝኩህ!» አለች በልቧ።

ጠጋ ስትል ግን ደስታዋ ቀዘቀዘ። የፍሬው አናት ዙሪያውን ቡናማና ሻካራ ነው፤ ያን አሮጌ ዝርያ በሸለቆው ከእሷ በቀር ሁሉም ነቅሎታል። ቋጠሮውም ጠፍጣፋና ድርብ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ባሏ ቅርንጫፍ በዛፍ ላይ ሲያዳቅል የሚያስረው። ያስተማረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ደግሞ በዚህ ሳምንት ጠዋት ጠዋት «ዓሣ ላጠምድ» እያለ ይወጣል።

«ዳበሳሽን ጨረስሽ?» ዴዝሞንድ ከኋላዋ ቆሟል።

«ዴዝ፣ ዛፍህ ሲባጎ ማፍራት የጀመረው መቼ ነው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«እንዲሰማ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ጩኺ። ስትጮኺ ግን የማን ፖም እንደሆነና ማን እንዳሰረውም ጨምሪበት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋርት ነው የለመነኝ። ‹ሰው አንድ ፋሲካ መልቀም ከተወ ለከርሞ ወደ ባሕር ነው የሚሄደው፤ ላንተም ለእናቴም አይመለስም› አለኝ። ውሸት ነው?»

አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ልጅ አንድ ፖም በሁለት እጇ ይዛ ትስባለች፤ ቅርንጫፉ ይጎነበሳል፣ ፖሙ አይለቅም። እናትዮዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋ ተጠጋች።

ኔሪዳ አፏን ከፈተች። ዴዝሞንድ ዓይኑን ጨፈነ።

«እንዲህ አይደለም፣ የኔ እመቤት» አለች ኔሪዳ። የፖሙን አናት በመዳፏ ሸፍና ሲባጎውን በጥፍሯ በጠሰችው። «ጠምዘዝ፣ ቀና አድርጊው! ጎበዝ!»

«እዚህ ነው የሚሠሩት?» አለች እናትዮዋ በጥርጣሬ።

«ዛሬ ጀመርኩ።» ሲባጎው ኪሷ ገብቷል።

ማታ ጋርት ዘንጉን ተሸክሞ ገባ። ጠብታ ውሃ አልነካውም።

«ዓሣው እንዴት ነበር?»

«ዛሬስ እምቢ አለ፣ እማዬ።»

ሲባጎውን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት። ጋርት አየው፤ ድንቹን መቁረጡንም ተወ።

«የአባትህ ቋጠሮ ለዛፍ ነው፤ ቢጎትቱትም አይፈታም። ዛሬ አንዲት ሕፃን ልታለቅስ ነበር። ሲስቡት የሚፈታ አድርገህ እሰረው።»

«እሺ፣ እማዬ።»

«ደግሞ ነገ ስትወጣ ቀስቅሰኝ። እኔም ዓሣ አምሮኛል።»