የዝግ ቤት ንፋስ

ሰሊማ የንፋስ መለኪያውን የብረት ዘንግ ወደ ቤቱ ጥግ ገፋችና፣ "አሁንስ?" አለች።

ኃይለ ገብርኤል ከመለኪያው ላይ ቁጥሩን አነበበላት። ኮምፒዩተሩ ከገመተው ግማሹን አይሞላም። ድገምልኝ አለችው፤ ደገመ። ያው ነው።

መስዑድ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሐይቁ ዳር፣ በጎኗ ያጋደማትን ጀልባ ይጠርባል። ይህን የዓሣ ማድረቂያ ቤት በእጁ የሠራው እሱ ነው። ሰሊማ ልጁ ናት፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። ጥናቷ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከጠባብ አፍ የሚወረወር ንፋስ እንዴት እንደሚናወጥና የት የት እንደሚደርስ ማወቅ ነው። ኃይለ ገብርኤል የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ነው።

ማራገቢያው ሞቃት አየር በክብ አፍ ይነፋል። አየሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከፊቱ ካለው ግድግዳ ይጋጭና እየተሽከረከረ በወለሉ በኩል ይመለሳል። ሲሄድ የላዩን፣ ሲመለስ የታቹን ዓሣ ማድረቅ አለበት። ሰሊማ ይህን መጀመሪያ በኮምፒዩተር ሞዴል ሠራችው። ኋላ ቤቱ ገብታ ስትለካ ታች የሚመለሰው ንፋስ ደካማ ሆነባት። ከሞዴሉ ይልቅ ልኬቱን አመነች። የማራገቢያውን አፍ ወደ ታች አዘነበለችው። ሁለት ጊዜ አምባዛ ዓሣ ገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ የታቹ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ የላዩ ሸተተ።

ጠዋት የአስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነስረዲን መጥቶ ነበር። ዛሬ ከሰዓት የሚገባው ዓሣ ከተበላሸ ማራገቢያው ተነቅሎ ቤቱ የመረብ ማስቀመጫ ይሆናል ብሎ ሄዷል። የሰሊማም ጥናት እዚያው ላይ ያበቃል።

ለዚህ ነው ዛሬ ነጭ ክር ቆራርጣ በየመደርደሪያው ያንጠለጠለችው። የላዮቹ ክሮች ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛሉ። የታቾቹ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። ሰሊማ ተንበርክካ አየቻቸው። ከዚያ በሩን አየች፣ ከሥሩ ያለውን የእንጨት ሽብልቅ አየች፣ አባቷን አየች።

ሽብልቁን የሚያስቀምጠው መስዑድ ነው። ሴት ልጁ ከባዕድ ወንድ ጋር በዝግ ቤት አትቆይም። ይህን ማንም አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገም። ሊለኩ ሲገቡ በሩን በስንዝር ገርበብ አድርጎ ሽብልቁን ይሸጉጥበታል፤ ሲወጡ ይነቅለዋል። ኃይለ ገብርኤልም የካህን ልጅ ነው፤ በእነሱም ቤት እንዲሁ ነውና አልገረመውም። በሩን ሦስቱም ያዩታል፣ ሦስቱም አላሰቡትም። ዓሣው ሲገባ ግን ቤቱ ሰው የለበትም፤ በሩ ጥርቅም ይላል።

መስዑድ መጥረቢያውን አስቀመጠ።

"ምን አየሽ?"

"ክሮቹን ነው አባባ።"

"እኔም አይቻቸዋለሁ። ወዴት ነው የሚያሳዩት?"

ኃይለ ገብርኤል መሬት መሬት ያያል።

"ወደ እኔ ነው የሚያሳዩት" አለ መስዑድ።

"ወደ በሩ ነው። እርስዎ ምን ያድርጉ፤ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።" ድምጿ ዝቅ አለ። "እስካሁን የለካሁት የክፍት ቤት ንፋስ ነው። ዓሣው የሚደርቀው በዝግ ቤት ነው።"

መስዑድ እኔ ልግባ አለ። ኃይለ ገብርኤል ወጥቶ እሱ ቁጥሩን ያነብላታል። መለኪያውን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው። ቁጥሮቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ተደበላለቁበት። መለሰለት። የሰሊማ እናት ብትኖር ትገባ ነበር፤ ከሞተች ቆይታለች።

እንግዲያው ሦስት ሆነው ገቡ። በሩ ተዘጋ። መስዑድ ሌላ ቦታ አጥቶ ከመደርደሪያው ሥር ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። በዙሪያው ያሉት ክሮች ወዲያው ተጠማዘዙ፤ ንፋሱ ትከሻውን እየመታ ወደ ጎን ይበተናል። ሰሊማ አየችው፤ ለመናገር ከበዳት።

"ጋሼ መስዑድ" አለ ኃይለ ገብርኤል፣ "ኮምፒዩተሩ ሲያሰላ እኛን ጥግ ላይ ቆመን ያውቀናል። እርስዎን ግን አያውቅዎትም።"

"አስተዋውቁኝ።"

ሰሊማ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። ዓሣ የጫነው ጀልባ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

መስዑድ ተነሣ። ወጣና ደጃፉ ላይ ቆመ። ሰዎች ከቀትሩ የዙህር ሶላት እየተመለሱ በሐይቁ ዳር ያልፋሉ፤ የማያውቀው የለም። ሰላምታቸውን መለሰ። ከዚያ በሩን በሁለት እጁ ስቦ እስኪገጥም ዘጋው፤ ወደ ጀልባው ተመለሰ።

ነስረዲን መጣ።

"ሰሊማስ?"

"ውስጥ ናት።"

"ከማን ጋር?"

"ከኃይለ ገብርኤል ጋር።"

ነስረዲን በሩን አየ። "ተዘግቷልሳ።"

"እኔ ነኝ የዘጋሁት።"

"ሰው ያያል መስዑድ።"

"ይይ። ንፋስ እየለኩ ነው። ካልተዘጋ ልኩ ውሸት ነው።"

ነስረዲን እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

"ተው" አለ መስዑድ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ነስረዲን እጁን መለሰ። ከውስጥ ኃይለ ገብርኤል ቁጥር ሲጠራ፣ ሰሊማ ስትደግም ይሰማል። ቀጥሎ ማራገቢያው ቆመ፤ ብረት ሲፈታ ተሰማ። አፉን ወደ ላይ፣ ወደ ድሮ ቦታው እያቃኑት ነው።

መስዑድ ሽብልቁን ከመሬት አነሣው። የጀልባዋ ሳንቃ ከጎድኗ ጋር ያልገጠመበትን ቦታ በጣቱ ፈለገ፣ ሸጎጠበት፣ ጫፉ እስኪጠፋ በመዶሻ መታው።