የጋሼ ውሃ ልክ መልእክት

አናጺው ማረፋቸውን ሚስዮናዊው የሰማው የጸሎት ቤቱን ጣሪያ ቆርቆሮ ሲያስመታ ነው። መሰላል ላይ እንዳለ፣ በታች የሚያልፈው ባለወፍጮ ቀና ብሎ፣ "መምህር፣ ጋሼ ውሃ ልክ እኮ አረፉ" አለው። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደ አያውቀውም።

ውሃ ልክ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። እሳቸው በሠሩት ጠረጴዛ ላይ እንቁላል ብታስቀምጥ ንቅንቅ አይልም ይባላል። ሚስዮናዊው ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይዞ ወደዚህ ገጠር ሲመጣ፣ ሰዉ ሁሉ ከሩቅ እያየው ሲያልፍ፣ የመሣሪያ ክፍላቸውን ጠርገው ያሳደሩት እሳቸው ነበሩ። ስብከቱን ግን በጄ አላሉም። እሁድ እሁድ በር ላይ ቆመው ያዳምጡና፣ ሲያልቅ፣ "መድረክህ ወደ ግራ ዘሟል፤ መጥቼ አቀናልሃለሁ። ስብከቱን ግን ራስህ አቅናው" ብለው ይሄዳሉ። እሱም ከልቡ ይስቅ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ትንፋሽ አጥሯቸው አልጋ ሲይዙ አስጠሩት። ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ "ልጄን ታውቃታለህ?" አሉት።

"ስለ እሷ ሲያወሩ ሰምቻለሁ እንጂ አላውቃትም፣ ጋሼ።"

"ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። የወደደችውን ሰው ከደጄ መለስኩት። እሷንም ክፉ ተናገርኳት። ከተማ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ስፌት ቤት ነው የምትሠራው አሉ። አንተ በየወሩ ትወርዳለህ። 'አባትሽ አጥፍቷል፣ ነይ ይልሻል' በላት። እህቴ ልደውል ብትል እንቢ ብያታለሁ። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይንገራት።"

"በዚህ ወር አደርሳለሁ" አላቸው። ጸልዮላቸው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከተማ ወርዷል። በመጀመሪያው ስለ ጣሪያው የሚያነጋግሩት እንግዶች ከዋናው ቢሮ መጥተው ነበር። በሁለተኛው ቆርቆሮውን የጫነው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ በስፌት ቤቱ ደጃፍ አልፏል። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ሲንኳኩ እንኳ ሰምቷል። እንዲህ ያለ ነገር በጥድፊያ አይነገርም፣ በሚቀጥለው ረጋ ብዬ እገባለሁ እያለ አለፈ። ሲመለስ ደግሞ ባዶ እጁን ሽማግሌው ፊት መቆም አሳፈረው። የአናጺውን እህት መንገድ ላይ ባገኘ ቁጥር፣ "እትዬ፣ ነገ ብቅ እላለሁ ይበሉልኝ" ይላል። ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ።

ከቀትር በኋላ ለቅሶ ቤት ደረሰ። አስከሬኑ ከፊተኛው ክፍል፣ አናጺው ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲልጉበት በኖሩት ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ጎረቤቱ ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች የሬሳ ሳጥኑን ይመታሉ። ሚስዮናዊው መጽሐፉን በብብቱ ይዞ የሚናገረውን መንገድ ላይ አሰናድቶ ነበር።

እህትየው ግን ወንበር ሳቡለት። "ተቀመጥ መምህር። ቃሉ ይደርሳል፤ አሁን ዝም ብለህ ከእኛ ጋር ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ የጭነት መኪና ቆመና አንዲት ሴት አቧራ እንደለበሰች ገባች። ማለዳ አክስቷ ደውለው የጠሯት የአናጺው ልጅ ናት። አላለቀሰችም። አንሶላውን ከፊታቸው ገልጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"አክስቴ፣ ምንም አላለም? ስሜን እንኳ አልጠራም?"

አክስትየው ግራ ገባቸው። "ለመምህሩ ነግሮታል እኮ! አልመጣልሽም እንዴ?"

ሰው ሁሉ ወደ ሚስዮናዊው ዞረ። 'ፈልጌ አጣኋት' የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

"ከሁለት ወር በፊት ልከውኝ ነበር" አለ። "'አባትሽ አጥፍቷል፣ ነይ ይልሻል በላት' ነው ያሉኝ።"

"ታዲያ አጡኝ?"

"አላጣሁሽም። ሁለት ጊዜ በደጃችሁ አልፌያለሁ።"

"ተዘግቶ ነበር?"

"ክፍት ነበር።"

"እና?"

"ሥራ በዝቶብኝ ነበር" አለ፤ ሲናገረው ለራሱም ቀፈፈው።

ሴትየዋ አንሶላውን ቀስ ብላ መለሰች። "እኔ ባለፈው ወር ሻንጣዬን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ ነው የቀረሁት። ያቺን አንዲት ቃል ብሰማ ኖሮ በዚያው ቀን እመጣ ነበር።"

ሚስዮናዊው ሊወጣ ቢነሳ እህትየው ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

ልጅቱ ፊቷን ሳታዞር፣ "ያንን ሲናገር እንዴት ሆኖ ነበር? አልቅሶ ነበር?" አለችው።

ሚስዮናዊው ያን ከሰዓት ለማስታወስ ታገለ። ሽማግሌው ሲናገሩ እሱ ሰዓቱን ያይ ነበር። ጣሪያው ስንት ቅጠል ቆርቆሮ እንደሚበቃው በልቡ ያሰላ ነበር። የፊታቸው ነገር ጨርሶ አልመጣልህ አለው።

"አላስታውስም፣ እህቴ" አለ። ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር።

በማግስቱ ሲቀበሩ ንግግር እንዲያደርግ የጠየቀው የለም። ባለወፍጮው አካፋ አቀበለውና ከሌሎቹ ጋር አፈር መለሰ።

ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ልትሄድ ስትል ሊሸኛት መጣ። "ይቅር በይኝ" አላት። "አሁን አልችልም" አለችና መኪናው ውስጥ ገባች። ክፉ አልተናገረችውም፤ ብትናገረው ሳይሻለው አይቀርም ነበር።

መኪናው ከታጠፈ በኋላም እዚያው ቆሞ ቀረ። እህትየው ከበር ላይ ሆነው፣ "መምህር፣ ለለቅሶው ከጎረቤት የተዋስነው ወንበር አለ፤ መመለስ አለበት። ብቻዬን አልችለውም" አሉት። ሁለት ሁለት እያነሳ ከኋላቸው ተከተለ፤ ቀኑን ሙሉ በየቤቱ ወንበር ሲመልስ ዋለ።