ሳይጠሩ የመጡት ሁለቱ

፩.

ዛሬ ግራኝ ናት።

ማክሰኞ ረጅሟ ነበረች፤ ክርኗን የምትሰነዝረው። ሐሙስ ደግሞ ኳስ ከያዘች ለማንም የማታቀብለዋ ስስታም። ረድኤት በሦስት ዓመት ውስጥ የስንቱን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሆና ተጫውታለች። አሰልጣኙ የተጋጣሚን ቪዲዮ ያሳያታል፣ እሷ ትኮርጃለች፣ የቅርጫት ኳስ ቡድኑ እሷ ላይ ይለማመዳል። ቅዳሜ ሲደርስ አሥራ ሁለቱ ማሊያቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እሷ ዶርም ትቀራለች።

፪. ለማያውቅ አንባቢ

አሥራ ሁለቱ ተመርጠው የተጠሩ ናቸው። ረድኤትና የዶርም ጓደኛዋ ሲፈን ግን በገዛ እግራቸው ሜዳ ድረስ መጥተው «እኛንም አስገቡን» ያሉ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አላባረራቸውም። ልጆቹ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እያሉ ያሾፉባቸዋል፤ እነሱም አብረው ይስቃሉ።

አሳዛኝ ታሪክ የጠበቀ ካለ ይቅርታ። ሁለቱ ደስተኞች ናቸው። ልምምዱን ይወዱታል፣ ከልምምድ በኋላ የሚጠጧትን ስፕሪስም ይወዷታል። የምትከነክናቸው አንዲት ነገር ብቻ ናት፦ አንድ ጊዜ ማሊያ ለብሶ መጫወት። ሐምሌ ላይ ይመረቃሉ፤ የቀረው ውድድር ደግሞ የነገው ብቻ ነው።

፫. መመሪያ

ሳትጠሪ የመጣሽ ተጫዋች ከሆንሽ፦

ቀድመሽ ድረሺ። ኳስ መንፋት ያንቺ ሥራ ነው።

ስትወድቂ ቶሎ ተነሺ። የወደቀችው አንቺ አይደለሽም፣ የተጋጣሚ ሰባት ቁጥር ናት።

«ደከመኝ» አትበይ። ማን ነይ አለሽ?

ቅዳሜ አውቶቡሱን ሸኚ። ከልብሽ ካልሆነ ያስታውቃል።

፬.

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊነሱ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ፣ መክሊት፣ ሻንጣ ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ወለም አላት።

፭. ሜዳው ዳር የተባለው፣ እንደወረደ

አሰልጣኝ ደጀኔ፦ አንድ ቦታ ተከፍቷል።

ረድኤት፦ ለሲፈን ይሁን፣ ኮች።

ሲፈን፦ ኧረ ለሷ ይሁን።

አሰልጣኝ፦ ግብዣ መሰላችሁ እንዴ? ግቡ ሜዳ። አምስት ቀድማ ያገባች ትሄዳለች።

ረድኤት፦ እንደ ማን ልጫወት?

(አሰልጣኙ ኳሱን ወረወረላት።)

አሰልጣኝ፦ እንደ ረድኤት ነዋ።

፮.

አሥራ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ፤ መክሊት እግሯ ላይ በረዶ ይዛ። በሦስት ዓመት ውስጥ እነሱ ተቀምጠው ሁለቱ ሲጫወቱ የመጀመሪያው ነው።

ረድኤት በልማድ ግራኝ ሆነች። ሲፈን ቀማቻት። ረጅሟን ሆነች፣ አሁንም ተቀማች። ስስታሟን ብትሞክር ሲፈን ገና ከመነሻው ነቃችባት። እነዚያን ሁሉ ሦስት ዓመት ስትከላከል የኖረችው ማን ሆነና።

አራት ለዜሮ።

ሲፈን ኳሱን አቅፋ ቆመች። አንዲት ቀርታታለች፤ ማሊያውን ምን ያህል እንደምትፈልገው ደግሞ ከረድኤት በላይ የሚያውቅ የለም።

«እነሱን ተያቸውና አንቺ ነይ» አለቻት።

«ከመጣሁ እኮ ላሸንፍሽ ነው።»

«ነይ አልኩሽ።»

፯.

አንድ።

ሁለት።


ሦስት።


አራት።

እንዴት እንዳገባቻቸው ንገረን ትሉኝ ይሆናል። ሌሎቹን ግራኝ፣ ረጅም፣ ስስታም ብዬ ተገላገልኩ፤ ለዚህችኛዋ ግን ቃል አጣሁ። ማንንም አትመስልም ነበር።

አራት ለአራት። አግዳሚው ባዶ ሆኗል፤ መክሊት እንኳ በአንድ እግሯ፣ ሁሉም ቆመው፣ ለማን እንደሚጮኹ ቢቸግራቸው ለሁለቱም ይጮኻሉ። ሹፌሩ ክላክስ ያደርጋል፤ አሰልጣኙ አይሰማም። ሲፈን እጆቿን ዘርግታ ረድኤት ፊት ቆማለች። ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሁለቱም የምራቸውን ነው።

ረድኤት ዘለለች። ኳሱ የሲፈንን ጣት ነካ፣ የቅርጫቱን ጠርዝ መታ፣ ወደ ላይ ነጠረ፣

፰. አሰልጣኙ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ የሚሞላው ቅጽ፣ የመጨረሻው መስመር

12ኛ ተጫዋች፦ ____________________