ከደረቱ በታች

ኛሉዋክ ጠርሙሱን ከወለሉ አንስታ አልጋው ላይ፣ ከልጁ ጎን አስቀመጠችው። ሊጠይቁ የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጠባቧን የሆስፒታል ክፍል ሞልተው፣ በገቡ በወጡ ቁጥር ጠርሙሱን በእግራቸው ይሻገሩታል። ከልጅ ልጇ ከጋትኩዋት ደረት በቱቦ የሚወጣው አየርና ፈሳሽ የሚወርደው እዚያ ውሃ ውስጥ ነው። ከሰው ገላ የወጣን ነገር መሻገር እሷ ባደገችበት ማታር ነውር ነው፤ እያየች ዝም ትበል?

ጸሎቱ ሳያልቅ ልጁ ትንፋሽ አጠረው። ነርሷ ኤልሳ ሮጣ መጥታ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ መለሰችው።

"እማማ፣ ሁለተኛ እንዳያነሱት። ከደረቱ ዝቅ ካላለ የጠርሙሱ ውሃ ተመልሶ ይገባበታል።"

"እንዳይሻገሩት ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ሰው አያስገቡ።"

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ መጣ። ሳንባው በራሱ ጊዜ ተበስቶ አየር ደረቱ ውስጥ እንደታፈነ፣ እንዲህ ያለው ነገር ቀጭንና ረጅም ጎረምሶችን እንደሚወድ ነገራት። "ጋምቤላ ውስጥ ታዲያ ማን ሊተርፍ ነው?" አለችው፤ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጠርሙሱ ውስጥ የሚፈላው አረፋ ሲቆምና ሳንባው ሲነፋ ቱቦው ይወጣል። ግን ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ ቀዶ ጥገና ነው። ሲጋራ በጭራሽ፤ ባሮ ውስጥ ጠልቆ መዋኘትም ከእንግዲህ የለም።

"ማንዶንግ" አላት ጋትኩዋት፣ አያቱን ሲለማመጥ እንዲህ ነው የሚላት፣ "እንደ ፍየል ታስሬ ልሙት?"

"ፍየልማ ብትሆን ሸጬህ በተገላገልኩ።"

እሷስ መች ተፈታች? አንድ እግሯን ከጠርሙሱ አጠገብ ተክላ ነው የምትውለው። ውጭ ወጣ ብትል አንዱ ጠርሙሱን በእግሩ የሚመታው ይመስላታል።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከበሮ ሰማች። ፓስተር ጆክ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ እየዘመሩ መጡ። ባሏ የሞተ ጊዜ ከጎኗ ያልተለዩ ሴቶች ናቸው። ልትመልሳቸው ነው? ምን ይሏታል? እምነቷን ጣለች አይሏትም? ልጁን አየችው። ከዚያ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ፓስተር፣ እዚያ ዛፉ ሥር ሆናችሁ ጸልዩለት። ከዚያም ይሰማል።"

ከበሮው ቆመ። አብሮ አደጓ ኛኪም ወደ ፊት መጣች። "ኛሉዋክ፣ በጸሎት ላይ በር ትዘጊያለሽ?"

"አዎ" አለች፤ ወደ ልጁ ገብታም ዘጋችው።