ፋንቱ ለልጇ ያስመረጠችው ስም

ፋንቱ ሦስተኛዋን ልጅ በሰኔ መጨረሻ ወለደች። ደጅ የቆመው ባሏ ሞላ የእልልታው ቁጥር ሲያንስበት ሴት መሆኗን አወቀ፤ ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ሞላ ንፋስ መውጫ ላይ ለምታስተምረው ለሚስ ካሌ ዘበኛ ነበር፤ ፋንቱም ልብሷን ታጥብላት ነበር። የመምህርቷ አገር ሃዋይ የሚሉት በባሕር የተከበበ ደሴት ነው። እዚያ የሴት ልጅ ስም ከአበባ፣ ከዝናብና ከሰማይ እየተመረጠ እንደሚወጣ ስትነግራት ነገሩ የፋንቱን ልብ ነካው። የሁለቱን ልጆቿን ስም ያወጡት አማቷ ናቸው፤ ታናሺቱን «ይበቃል» ብለዋታል።

«ለዚችስ እኔ ላውጣ» አለችው ሞላን። «አራስ ነኝ፣ መውጣት አልችልም። ሚስ ካሌ ደብረ ታቦር ሳይዛወሩ ጠይቅልኝ፤ በቋንቋቸው የሰማይ አበባ የሚል ስም ይምረጡልኝ።»

እንቢ ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ያለወትሮው እሺ ብሎ ሄደ፤ ሲመለስም መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ኦፓላ» አላት። «የሰማይ አበባ ማለት ነው።»

ፋንቱ ቃሉን ደጋገመችው። አፍ ላይ ይጣፍጣል። ከተጋቡ ወዲህ ሞላ ደግ ነገር ሲሠራላት የመጀመሪያው ነበርና፣ ክፉ ሰው ነው ስትል በመክረሟ ተጸጽታ አለቀሰች።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ወለተ ሥላሴ ተባለች። ለቤትና ለጎረቤት ግን ኦፓላ ናት። ፋንቱ ስታጠባት «ኦፓላዬ» ትላለች፤ ገብስ ስትፈትግም «ኦፓላ የእናቷ» እያለች ታንጎራጉራለች። ሞላ ይህን በሰማ ቁጥር ከት ብሎ ይስቃል። እሷም አብራው ትስቅ ነበር።

ለገና ሚስ ካሌ ከደብረ ታቦር የሕፃን ሹራብ ይዛ መጣች።

«ስሟ ማን ነው?» አለች ልጅቷን ታቅፋ።

«እርስዎ የመረጡላት ነዋ፤ ኦፓላ።»

የመምህርቷ ፊት ተለወጠ። «እኔ ስም አልመረጥኩም» አለች በምትችለው አማርኛ። «ሞላ ስለ ልጅ ስም አልጠየቀኝም። ዕቃ ሳስር፣ የምጥለውን ልጣጭና ወረቀት አሳየኝ። ‹ይሄ በአገርዎ ምን ይባላል?› አለ። ኦፓላ አልኩት። ኦፓላ ጥራጊ ነው።»

ፋንቱ ወደ ባሏ ዞረች።

«ምን ልበላት ታዲያ?» አለ ሞላ ጠላውን እየጠጣ። «ወንድ ስትወልጂ አበባውን አመጣልሻለሁ።»

መምህርቷ እንባዋ እየወረደ፣ «የሰማይ አበባ ሌይላኒ ነው» አለች። ፋንቱ ልጇን ተቀብላ «ሌይላኒ» አለቻት፤ ደግማም ጠራቻት። ሕፃኗ ልብ አላለቻትም። ሞላ ከኋላ ለስለስ አድርጎ «ኦፓላ» ሲል ግን ዞር ብላ ሳቀችለት።

በማግስቱ ፋንቱ አንዷን አዝላ ሁለቱን እየነዳች ሲማዳ አባቷ ቤት ገባች። አባቷ ሳምንት አቆይተው፣ «ለስም ብሎ ትዳር የሚፈታ አላየሁም» ብለው ራሳቸው መልሰው አደረሷት።

ከዚያ ወዲያ ፋንቱ ያቺን ልጅ በስም ጠርታት አታውቅም። «ነይ» ትላታለች፤ ስትሰጣትም «እንቺ» ትላታለች።