ምድር ቤቱን ያጠጣው ባትሪ

«ና! አሁኑኑ ድረስ! ባትሪህ ጉድ ሠርቶኛል!» ብዬ ስልኩን በታናሽ ወንድሜ ጆሮ ላይ ጠረቀምኩት።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው ምድር ቤት ነው። ዝናብ ሲበረታ ከወለሉ ሥር ውሃ ይመነጫል፤ ጥግ ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ፓምፕ እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋዋል። መብራት ከጠፋ ግን አለቀልኝ። ጄኔሬተር ልግዛ ስል፣ ኤሌክትሪሺያን ነኝ ባዩ ወንድሜ «ጭሱ አፍኖ ይገድልሻል፤ ውጭ ብታስቀምጪው ይሰርቁሻል» ብሎ ባትሪ ገጠመልኝ። «ስድስት ሰዓት ሙሉ ያሠራዋል፤ ለጥ ብለሽ ተኚ» አለኝ።

እሱን እንቅልፍ ይንሳው! ዛሬ ጠዋት መብራት ሲሄድ ፓምፑም አብሮ ጸጥ። ሰኞ ትምህርት ለሚጀምሩ ልጆች የሰፋሁት ስልሳ ዩኒፎርም በካርቶን ወለሉ ላይ ነበር። እየሮጥኩ ግማሹን አወጣሁ። ግማሹ ጭቃ ጠጣ። ለእነዚያ ልጆች ምን ልል ነው?

ወንድሜ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሁለት ባልዲ አንጠልጥሎ ወረደ።

«ሙያ ብሎ ዝም!» አልኩት በያዝኩት መቀስ እያመለከትኩ። «ሠላሳ ልጅ ራቁቱን ልትሰድ ነው?»

መለኪያውን ከኪሱ አውጥቶ ባትሪውን ለካ። «ባዶ ነው እትዬ። ሶኬቱ ጠፍቷል።»

«እኔ ነኛ ያጠፋሁት! ማታ ስወጣ ከፓምፑ በቀር ሶኬት ሁሉ አጠፋለሁ፣ ጠዋት የስፌት መኪናውንና የካውያውን ብቻ አበራለሁ። ቤቴ እንዲቃጠል ነው የምትፈልገው?»

«ቻርጅ የሚያደርገው እኮ በዚህ ነው። ማጥፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፌ ጽፌልሽ ነበር።»

«ምን ፕላስተር? ዓይኔ እያየ አትዋሽ!»

መቀሱን አየው። እኔም አየሁት። እጀታው አውራ ጣቴን ሲልጠኝ ጊዜ፣ ከወር በፊት ያገኘሁትን ፕላስተር ልጬ ጠቅልዬበታለሁ። ከየት እንደላጥኩት አሁን ትዝ አለኝ። ጣቴን ከእጀታው አነሳሁ። በተንጋደደ ጽሑፉ «እትዬ፣ ይቺን በፍጹም እንዳታጠፊ» ይላል።

ወር ሙሉ ጨብጬው ስቆርጥ ከርሜያለሁ።

አንዱን ባልዲ አቀበለኝና ጎንበስ ብሎ ውሃውን መቅዳት ጀመረ። ምናለ ቢሰድበኝ!