ሦስት ሽማግሌዎች በአንድ ገበታ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ወንበር ካነሰ የለስላሳውን ሳጥን ገልብጣችሁ ተቀመጡበት። የአማረችን ነገር ላጫውታችሁ ነው። የቸኮለ ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ራሱ ብዙ ሰው ያስጠበቀ ነው።

አማረች አሌክሳንድራ ውስጥ ስፓዛ ያላት ሴት ናት። መቼም ስፓዛን ታውቁታላችሁ፤ ዳቦና ስኳር፣ ሳሙናና የስልክ መሙያ ኤርታይም በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ እየተቀባበሉ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ናት። ከሀዲያ ከወጣች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጇን ፊቤን ያሳደገቻት ብቻዋን፣ እዚያው ከዳቦ መደርደሪያው ሥር ነው።

ፊቤ ኮሌጅ የምትገባበት ጊዜ ሲደርስ አማረች በልቧ ነርስ አድርጋ ሾማት ነበር። ልጅቷ ግን ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ይሄ ደግሞ የምን ኮሌጅ ነው?»

«ማሚ፣ የየሕዝቡን የራሱን እውቀት የሚያስተምር ነው። የዙሉው አለ፣ የሶቶው አለ፣ የቬንዳው አለ። እኔ ደግሞ የእኛን እሠራለሁ። አያቶች የሚያውቁትን።»

«አያትሽ የምታውቀውንማ እኔም አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ኮሌጅ?»

«እና መቼ ነገርሽኝ?» አለቻት ፊቤ።

እውነቷን ነው እኮ። አማረች በጨለማ ተነሥታ ዳቦ ስትቀበል፣ ቀኑን ሙሉ በፍርግርጉ ስትቀባበል፣ መቼ ትንገራት? ተናደደች፤ ግን አስገባቻት።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ፊቤ የመጨረሻ ሥራዋን እንሰት አደረገችው። «እዚህ አገር እንሰት ከየት ይመጣል?» እንዳትሉኝ። ሳንድተን የሀብታሞቹ ግቢ በር ላይ ግራና ቀኝ ለጌጥ ተተክሎ ቆሟል። አማረች መጀመሪያ ያየችው ቀን ታክሲ ውስጥ ሆና «ውይ! ምግብ ጥበቃ አቁመውት!» ብላ ጮኻ ተሳፋሪውን ሁሉ አስደንግጣለች። ባለፈው ሐምሌ ውርጩ ቅጠሉን ሲያቃጥለው አንድ አትክልተኛ አራቱን ነቅሎ ሊጥል ሲል ፊቤ ደረሰችና በባኪ፣ በዚያች ኋላዋ ክፍት በሆነች የጭነት መኪና፣ አስጭና አሌክሳንድራ አመጣችው።

ያን ሰሞን እናትና ልጅ ከሱቁ ጀርባ ተቀምጠው ፋቁ። አማረች ሃያ ሁለት ዓመት ያልነካችውን ሥራ እጇ አልረሳውም ነበር። እጇ ሲፈታ አፏም ተፈታ። ልጅቷ ትጠይቃለች፣ እናት ትመልሳለች፣ ስልኳ ይቀዳል። ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ጉድጓድ ቆፍረው ኮባ አነጠፉበት፤ የተፋቀውን ጠቅጥቀው ከደኑና ድንጋይ ጫኑበት። የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ጎጎ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው ወጡ።

«ሲስ አማረች፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሰው ነው የቀበራችሁት?»

«ምግብ ነው ጎጎ። በኅዳር እንበላዋለን።»

«በኅዳር!» ጎጎ አማትበው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ማለፍ ትተው ዞረው ይሄዱ ነበር።

አሁን የኮሌጁን ፈተና ስሙኝ። ሌላ ቦታ ተማሪው ወረቀት ላይ ይጽፍና ያበቃል። እዚህ ኮሌጅ ግን ፈታኞቹ የተማሪዋ ወገን የሆኑ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አስተማሪዋ ልጅቷ ቤት ድረስ ትመጣለች፤ ሽማግሌዎቹ አይተውና ቀምሰው «ታውቃለች» ካሉ ትፈርማለች። አፈታተኑንም ተማሪዋ ራሷ፣ የሕዝቧን ወግ ጠይቃ፣ አስቀድማ ጽፋ ትሰጣለች። አንዴ ከጻፈች እሱው ሕጓ ነው፤ ወጉን የነገራት ሰው ካላረመው በቀር።

«ሽማግሌውን ለእኔ ተይው፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው» ብላ ነበር አማረች። አባባ ሀቢሶን ከጀፕስታውን ጠራች፤ ብርድ ልብስ አከፋፋይ ናቸው። ጋሼ ማናሴን ሶዌቶ ካለው ሱቃቸው ጠራች። ሦስተኛዋ እማማ ኤርጎጌ ሆኑ፤ በዚህ ከተማ ከሀዲያ ሴቶች በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሀቢሶና ማናሴ ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። የሀቢሶ ታናሽ ወንድም ሲሞት የአገሩ ሰው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ ተቀመጠ። የማናሴ ሱቅ ብቻ ክፍት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ሊያስተዛዝኑ ቢመጡ ሀቢሶ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በቀኝ ከተቀመጠ ሌላው በግራ ነው።

አማረች ይህን አጥታው አይደለም። ግን ወረቀት የሚፈረመው በየተራ ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፋ ያየችው ቢሮ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። ስለዚህ ሀቢሶን በሦስት ሰዓት፣ ማናሴን በአምስት ሰዓት ጠራች፤ ለአንዳቸውም ስለሌላው አልተነፈሰችም። ፊቤ በስልክ «ማሚ፣ ፎርሙን አንብበሽዋል? ሦስቱም አንድ ላይ ነው» ስትላት አማረች ለአንዱ ደንበኛ ኤርታይም እየሞላች ነበር። «እሺ፣ እሺ» ብላ ዘጋችው።

የምረቃውን ፎቶ የምትሰቅልበትን ቦታ ሳይቀር አዘጋጅታለች። ከመደርደሪያው በላይ፣ ገዢ ሁሉ በፍርግርጉ በኩል እንዲያየው፣ ሚስማር መታለች። ምረቃው ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው።

ቅዳሜው ደረሰ። ሀቢሶ በሦስት ሰዓት ከች አሉ፤ ኮት ለብሰዋል፣ ባርኔጣ አድርገዋል። እማማ ኤርጎጌም መጡ። አስተማሪዋ ግን የለችም። ማዱቤ ነው የሚሏት፤ ዙሉ ናት። የታክሲ ሾፌሮች አድማ መትተው መንገድ ስለዘጉባት ዘገየች። አራት ሰዓት ሆነ። አማረች በየደቂቃው በሩ ላይ ወጥታ መንገዱን ታያለች። ልክ በአምስት ሰዓት ማዱቤ ላብ እያጠመቃት በበሩ ገባች። ከኋላዋ የጋሼ ማናሴ ባኪ መጥታ ቆመች።

ሀቢሶ ከወንበራቸው ተነሡ።

«አማረች» አሉ ሀቢሶ፣ «ሌላ እንግዳ አለሽ መሰለኝ።»

«እኔ እመለሳለሁ» አሉ ማናሴ ከበሩ ሳያልፉ። «ሱቄንም ክፍት ትቼ ነው የመጣሁት።»

«እሱንማ እናውቃለን። የአንተ ሱቅ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?»

«ኧረ በልጅቷ!» አሉ እማማ ኤርጎጌ። «ሁለት ጢማም ሕፃን! ተቀመጡና ቅመሱ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልማዳችሁ ተኮራረፉ!»

አማረች ወደ ፊቤ ዞረች። «በየተራ ይቅመሱ በያት ለአስተማሪሽ። አንዱ ጓሮ፣ አንዱ ሱቅ።»

«አይሆንም ማሚ። ከአንድ ገበታ ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው? የትኛው የቢሮ ሰው ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

ፊቤ ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፈተችው። የእንሰቱ መፋቂያ እንጨት ሲፈገፍግ ይሰማል፤ ከዚያ የአማረች የራሷ ድምፅ፣ ደስ ብሎት፣ ልጅ ሆኖ፤ «እናቴ ጉድጓድ ስትከፍት የመጀመሪያውን ቆጮ ሦስት ሽማግሌ ከአንድ ገበታ ይቀምሰዋል። የተኳረፉ ካሉ መጀመሪያ ይታረቃሉ። ታርቀው ካልቆረሱት ጉድጓዱ ተመልሶ ይከደናል። እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም!»

አማረች ያንን ስልክ ነጥቃ ቧንቧው ሥር ብትወረውረው ደስ ባላት። የገዛ አፏ! ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ ያን ቀን ነው የሚለፈልፈው?

የሆነ ሆኖ ቆጮው ወጥቷል፤ ተጋግሯል። ፊቤ ከጠዋት ጀምሮ ስትለፋበት የዋለችው ነው። በእንጨት ገበታ፣ በኮባ ላይ፣ ትኩስ እንደሆነ መሀል ተቀምጧል። ማናሴ ገበታውን አዩት፤ ልጅቷን አዩዋት። ከዚያ ከበሩ አልፈው ገቡና ቆመው ተናገሩ።

«ሀቢሶ፣ በወንድምህ ለቅሶ ቀን የሰፈሩ ወጣቶች መጥተው ‹ዛሬ የተዘጋ የውጭ ሰው ሱቅ ካለ እኛ እንከፍተዋለን› አሉን። የጎረቤቴን በዋዜማው ባዶውን አስቀርተውታል። እኔ ወንበሬን አወጣሁት። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶው ላይ ለቅሶ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። ዳቦ የጠየቀኝን ሁሉ ከለቅሶ ተነሥቼ ነው የሸጥኩለት።»

ሀቢሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሁለት ዓመት» አሉ። «ሁለት ዓመት አፍህ የት ነበር?»

«ፊትህን አዞርክብኝ እኮ።»

«ፊቴን ባዞር ጆሮዬም አብሮ ዞረ?»

አማረች በዚህ ጊዜ ገበታውን ብድግ አደረገችው። ነገሩ አለቀ፣ ታረቁ ብላ ነው። እማማ ኤርጎጌም እጃቸውን ወደ አፋቸው ወስደው እልል ሊሉ ነበር።

«አስቀምጪው» አሉ ሀቢሶ።

«አባባ፣ እባክዎ…»

«አስቀምጪው ልጄ። ዛሬ ከዚህ ብቆርስ የምቆርሰው ለወንድሜ ብዬ አይደለም፤ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ስለምትጠብቀኝ ነው። ማናሴ ይህን ቃል ቤቴ መጥቶ፣ የወንድሜ ልጆች ተቀምጠው ይናገረው። ያን ጊዜ እንበላለን።»

«እኔስ?» አሉ ማናሴ። ድምፃቸው ከፍ አለ። «ሁለት ዓመት ‹ሬሳ ሳይቀበር የሸጠው› እየተባልኩ ኖሬያለሁ። የእኔ ልጆች ፊት ቀርቦ ማን ይናገርልኛል?»

መልስ አልጠበቁም። ወደ ባኪያቸው ሄዱ። ሀቢሶም ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ አዘገሙ።

ማዱቤ አማርኛ አታውቅም፤ ግን ሁሉም ገብቷታል። እዚያው ሳጥን ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ በእንግሊዝኛ በቀስታ ተናገረች። ፊቤ ለእናቷ ቃል በቃል ተረጎመችላት፤ ከራሷ ምንም ሳትጨምር።

«እኛም ዘንድ የተጣሉ ሰዎች ከአንድ እንስራ አይጠጡም ትላለች። ግን የምጽፈው አንቺ የምትዪኝን ነው ትላለች። ‹ለየብቻ መቅመስም በወጋችን አለ› ካልሽ፣ አሁኑኑ ታርመዋለች። ሁለቱም ገና በር ላይ ናቸው።»

አማረች በሩን አየች። ሀቢሶ ቆመው ጫማቸውን የሚያራግፉ መስለዋል። የማናሴ ባኪ ሞተሩ አልተነሣም። አንድ ቃል ነው የቀረው። አንድ «አዎ»። ማን ያውቅባታል? ሀዲያ ድረስ ሄዶ እናቷን የሚጠይቅ የለ፤ እናቷም ዐፈር ከለበሱ ቆይተዋል። በክፍቱ የጓሮ በር ወደ ሱቁ ስታይ ሚስማሩ ግድግዳው ላይ ያብረቀርቃል። ወደ ልጇ ዞረች። ፊቤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። «በይ» አትላት፣ «አትበይ» አትላት።

«አይቀመስም በያት» አለች አማረች።

«ማሚ…»

«አይቀመስም! እናቴ ለየብቻ አስቀምሳ አታውቅም። እሷን ለውጬ ምን ልትይው ነው? የማን ወግ ነው ልትይው?» ከዚያ ንዴቷ ገነፈለና ሁሉንም ባንዴ ሙልጭ አድርጋ ሰደበችው። «አቤት ኮሌጅ! ሌላው ወረቀት ፈትኖ ወረቀት ይሰጣል! እናንተ የእኛን ጉድ ካልቆፈራችሁ አይሆንላችሁም! እነዚህስ ሽማግሌ ተብለው! ልጅ አሳድጉ፣ ልጅ አስተምሩ ይሉናል፤ ሁለት ሰው አንድ ጉርሻ መቁረስ ያቅተዋል!»

ሀቢሶ በሩ ላይ ሆነው ሰሙት። ወጥተው ሄዱ። ባኪዋም ተነሣች።

ማዱቤ ወረቀቱን አጠፈች። ቀጣዩ የፈተና ቀን በሰኔ ነው። ከመሄዷ በፊት የአማረችን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ አማረች እጇን አልነፈገቻትም፣ ፊቷን ግን አላሳየቻትም።

ፊቤ ተንበርክካ በጉድጓዱ የቀረውን ቆጮ መልሳ ጠቀጠቀችው። ኮባውን ደረበችበት። የመጨረሻው ድንጋይ ከበዳትና ታገለች። አማረች ጥቂት ቆማ አየቻትና «በእግርሽ አትግፊው፣ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ» ብላ በሌላው ጎን ያዘችላት። አብረው ጫኑት። አንዳቸውም አላለቀሱም፤ ለማልቀስም ንዴቱ ቦታ አልሰጣቸውም።

የምረቃው ቀን ሱቁ እንደ ወትሮው ተከፍቶ ዋለ። በጥር አጋማሽ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን አባባ ሀቢሶ ድንገት በፍርግርጉ በኩል ታዩ። ከጀፕስታውን አሌክሳንድራ ድረስ ኤርታይም ሊገዙ!

«ያ ጉድጓድ ተከድኗል?» አሉ ዓይናቸውን ሳሙናው ላይ አድርገው።

«ተከድኗል አባባ።»

«ውሃ እንዳይገባው። ዝናብ ነው።»

«እማማ ኤርጎጌም ነግረውናል። ቦይ ቀደንለታል።»

«ማናሴ… በዚህ በኩል ያልፋል እንዴ?»

«አንዳንዴ ያልፋሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የኤርታይሙ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ተቀብለው በደረት ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። አማረች ተከትላ ልትጠራቸው አፏን ከፍታ ነበር። ግን አንድ ደንበኛ ዳቦ ጠየቃት።

ነገሩ እስከዚህ ነው ልጆቼ፤ ሰኔ ገና ነው። ሚስማሩ ላይ አሁን የጓሮው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በሳንድተን በኩል ስታልፉ በየሀብታሙ በር የቆመውን ያን ሰፊ ቅጠል ባያችሁ ጊዜ፣ እባካችሁ አሌክሳንድራ ከቧንቧ አጠገብ ድንጋይ ተጭኖት የሚጠብቀውን ጉድጓድ አስታውሱልኝ። ሀቢሶን ወይም ማናሴን የሚያውቅ ካላችሁ ደግሞ፣ ልጅቷ አሁንም ትጠብቃለች በሉልኝ።